ከሐምሌ በፊት የሚከፈል ዕዳ

ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚሻል እናቶቻችን ሲነግሩን ኖረዋል። ምክሩን ያልሰማ የለም፤ የሚጠራጠረውም የለም። ጎርፍ የወሰደውን ሰው ከወንዝ ከማውጣትና የጎርፉን መውረጃ ቦይ በበጋ ከመጥረግ የትኛው ይበልጣል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ቦዩን መጥረግ ይበልጣል የማይል አይገኝም። ይሁን እንጂ ምስጋናውን፣ ሽልማቱን፣ ዘፈኑንና ሥዕሉን ለማን እንደምንሰጥ ስንመለከት ቃላችንና ተግባራችን አይገናኙም። ዋናተኛውን በትከሻችን እንሸከመዋለን፤ የቦይ ጠራጊውን ግን ስሙን እንኳ አንጠይቅም። ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? የአየር ንብረት በሚለወጥበት በዚህ ዘመን፣ በተለይም በከተሞቻችን ችግረኛ ሠፈሮች ለሚኖሩት ወገኖች፣ ጥያቄው የሕይወትና የሞት ጥያቄ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከዋግ ኽምራ ምድር፣ ከሰቆጣና ከጽጽቃ ተነሥተን ለመመርመር እንሞክራለን።

ከምክንያቶቹ አንዱ ከራሱ ከነገሩ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። የደረሰ ጥፋት ሬሳው ይቆጠራል፤ ፍርስራሹ ይለካል፤ ለቅሶው ይሰማል። ያልደረሰ ጥፋት ግን ምልክት አይተውም። ቦዩ በግንቦት በመጠረጉ ምክንያት በሐምሌ ሌሊት በሰላም ተኝቶ ያደረ ሕፃን፣ በሰላም ማደሩ የሰው ሥራ ውጤት መሆኑን ሳያውቅ አድጎ ይሸመግላል። እናቱም ብትሆን ማንን እንደምታመሰግን አታውቅም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚሠራ ሰው በመሠረቱ ያለ ምስክር የሚሠራ ሰው ነው። ከዚህም ብሶ፣ ጎርፉ ሳይመጣ ከቀረ «ያ ሁሉ ድንጋይ ለምን ተደረደረ? ያ ሁሉ ገንዘብ ለምን ፈሰሰ?» ተብሎ ሊወቀስ ይችላል። እንግዲህ ሥነ ምግባራችን የሚፈተነው ምስክር በሌለበትና ምስጋና በማይገኝበት በዚህ ሥፍራ ነው።

ዋግ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ የገዛ አገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ የቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር ክፉኛ ሲመታ፣ ዋግ እጅግ ከተጎዱት ሥፍራዎች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት መግቢያ በአዲስ አበባ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል በታላቅ ድምቀት ተከበረ። በጥቅምት ወር ደግሞ ከኮረም መጠለያ የተነሣው የቴሌቪዥን ፊልም ለዓለም ታየ፤ አገሮች ደነገጡ፤ አውሮፕላኖች ስንዴ ጭነው መጡ፤ የታወቁ ዘፋኞችም ለተራቡት ዘፈኑ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ዝናቡ መክዳቱንና እህሉ ማነሱን ከወራት በፊት ለለጋሽ መንግሥታት ማስታወቁ ነው። ስለሆነም ያን ጊዜ የጠፋው ዕውቀት አልነበረም። ዕውቀቱ ነበረ፤ ነገር ግን በማንም ትከሻ ላይ ግዴታ ሆኖ አልወደቀም። ማስጠንቀቂያው በወረቀት ላይ ተኝቶ ቆየ፤ ዓለም የተንቀሳቀሰው እንባውን ካየ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያገኛል ለማለት ያዳግታል።

ከሠላሳ ዓመታት በኋላ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት በዚህችው ከተማ ስም የተጠራ ቃል ኪዳን አወጣ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ዓላማ ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር እስከ 2030 ማስወገድ ሲሆን፣ ሥራው በመጀመሪያ የተሞከረው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው። ከቃል ኪዳኑ በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ለያዝነው ጥያቄ ታላቅ ብርሃን ይሰጣል። ከፅንስ አንሥቶ እስከ 2ኛው ዓመት ልደት ያሉት 1,000 ቀናት ካለፉ በኋላ የሚመጣ ምግብ ነፍስ ያቆያል እንጂ፣ በእነዚያ ቀናት የጎደለውን አካልና አእምሮ ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ጊዜው ራሱ የዕርዳታው አካል ነው። በጊዜው የደረሰ አንድ ጭልፋ ወተት፣ ዘግይቶ የደረሰ አንድ ኩንታል ስንዴ የማይሠራውን ይሠራል። ሠፈርም እንደ ሕፃን የራሱ 1,000 ቀናት አሉት። ጎጆዎች ሲተከሉ፣ መተላለፊያው ገና ሰፊ ሳለ፣ የውሃው መውረጃ በቀላል ወጪ ሊተው ይችላል። ቤቶቹ ተጠጋግተው ካለቁ በኋላ ግን ያንኑ ቦይ ለመክፈት የሰው ቤት ማፍረስ ግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ከተማው እንግባ። ዋግ ኽምራ ተራራና ገደል የበዛበት፣ ዝናቡም በአመዛኙ በሐምሌና በነሐሴ ላይ የተከማቸ ምድር ነው። የሳይንስ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው የውሃ እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሞቀ አየር የአፈሩንና የተክሉን እርጥበት አብዝቶ ይመጣል፤ ባወረደም ጊዜ በአንድ ጊዜ አብዝቶ ያወርዳል። ስለዚህ ድርቅና ጎርፍ ተቃራኒ ቢመስሉም የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። በዋግ ከተሞች ደግሞ ሁለቱ የሚገናኙበት ልዩ መንገድ አለ። ጎርፍ ወደ ከተማ የሚገባው በቦይ ነው፤ ድርቅ ግን ወደ ከተማ የሚገባው በሰው እግር ነው።

በተከዜ ቆላ ፍየሎቿ ያለቁባትን አንዲት እናት በኅሊናችን እንመልከት። ከበታቿ፣ በሸለቆው ውስጥ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ያጠራቀመው ሐይቅ ተኝቷል፤ በአበርገሌና በዝቋላ ዳርቻ ዓሣ ይጠመድበታል። በዳገቱ ላይ ግን ምንጩ ደርቋል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለእርሷም የተባለ ነው። እንዲህ ያለው መከራ በምናብ የተፈጠረ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሲያጥር ዝቋላን፣ ሳህላንና አበርገሌን የመታው ድርቅ ብዙ ቤተሰብ አራቁቷል። ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ የዝቋላ ወረዳ መቀመጫ ወደ ሆነችው ወደ ጽጽቃ ትወጣለች። ጽጽቃ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሥራዋም ውሃዋም የተመጠነ ነው። እዚያ ያልቀናት እንደ ሆነ ጉዞዋ ወደ ሰቆጣ ይቀጥላል። ሰቆጣም በበኩሏ፣ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ያፈናቀለውን ብዙ ሕዝብ ተቀብላ ያስተናገደች ከተማ ናት።

ይህች እናት በከተማው ውስጥ የት ታርፋለች? ደልዳላው መሬት ባለቤት አለው። ለቦኖው የቀረበው ቤት ኪራዩ ከዐቅሟ በላይ ነው። የሚቀርላት ማንም ያልፈለገው መሬት ነው፤ የገደሉ አፋፍ፣ የደረቁ ወንዝ ዳርቻ፣ ከላይኛው ሠፈር የሚወርደው ውሃ የሚያልፍበት ጥግ። በዚያ ላይ ሸራዋን ትወጥራለች፤ ወይም ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል ትከራያለች። እንግዲህ ነገሩን እናስተውል፤ ውሃ አጥታ የሸሸችው ሴት ውሃ በሚወርድበት ሥፍራ ሠፈረች። ድርቁ ያመጣትን ጎርፉ ይጠብቃታል።

ይህ ባዶ ስጋት አለመሆኑን የሌሎች ከተሞቻችን ታሪክ ያረጋግጣል። በድሬ ዳዋ ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፤ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በአንድ ሌሊት፣ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ በከተማዋ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንቡ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የግንቡ ድንጋይ ከጎርፉም በፊት በተራራው ላይ ነበረ። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ፣ ቆሼ በሚባለው ሥፍራ፣ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ አደጋ የወንዝ ሙላት አልነበረም፤ ሆኖም ሟቾቹን ከክምሩ ሥር ያኖራቸው ያው የመሬት ውድነትና የኑሮ ማነስ ነው።

«የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፤ ሰው ምን ያደርጋል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ዝናቡን ማንም ሰው አላዘዘውም። ዝናቡ ሲወርድ ከመንገዱ ላይ የሚገኘው ማን እንደ ሆነ የሚወስነው ግን የሰው ሥርዓት ነው። በዳገቱ ላይ ያለው ሠፈር ግቢውን ድንጋይ አንጥፎ፣ ጣራውን በቆርቆሮ ከድኖ፣ ውሃውን በቱቦ ወደ ታች ይለቃል። ለእርሱ ነገሩ በዚያ አለቀ፤ ለታችኛው ሠፈር ግን ገና መጀመሩ ነው። የላይኛው ሠፈር ሰው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። በለቅሶው ቀን ይደርሳል፤ እንጀራም ይልካል። ሆኖም በለቅሶው ቀን የተላከው እንጀራ በበጋ ሳይሠራ የቀረውን የቱቦ ጫፍ አይተካም። ምጽዋት ማለት ሰው ከራሱ ሀብት ቀንሶ የሚሰጠው ነው። በራስ ጣራ የተጠራቀመውን ውሃ ከሌላው ሰው መኝታ ላይ ማንሣት ግን ዕዳን መክፈል ነው። ዕዳ ከፋይ ደግሞ ምስጋና አይጠብቅም።

ዓለምም እንዲሁ ላይኛና ታችኛ ሠፈር አላት። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ለብዙ ትውልድ አቃጥለው የበለጸጉ አገሮች ጢሳቸውን ወደ ጋራው ሰማይ ለቀዋል። የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ጠቅላላ ልቀት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ የተሰበሰቡት መንግሥታት በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ለሚደርስ ኪሳራና ጉዳት የሚከፈል ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ። ስምምነቱ ዕዳ መኖሩን ወደ ማመን የተወሰደ ርምጃ ነው፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ነው። እኛም ይህን ዕዳ ከበለጸጉት ስንጠይቅ በዚያው ሚዛን መመዘን ይገባናል። የዓለም ታችኛ ሠፈር ነን ብሎ የሚከራከር ሰው፣ በገዛ ከተማው ያለውን ታችኛ ሠፈር ከረሳ ክርክሩን በገዛ አፉ ያፈርሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ዛሬ የተራበ ሕፃን ባለበት ከተማ፣ ነገ ሊመጣም ላይመጣም ለሚችል ጎርፍ ድንጋይ መደርደር ተገቢ ነውን? ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ረኀብን አያውቅም። ስለ 1,000 ቀናት ያልነው ሁሉ እውነት ከሆነ፣ የነገን ደኅንነት በዛሬው ሕፃን ምግብ መግዛት አይፈቀድም። ደግነቱ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተጣምረው ሊሠሩ ይችላሉ። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ችግረኛው እርከን እየሠራ፣ ጉድጓድ እየቆፈረ ቀለቡን የሚያገኝበት ነው። በከተማ ይኸው ሥራ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር በ11 ከተሞች ተወስኖ ነበር፤ እንደ ሰቆጣ ያሉ ከተሞች በመጀመሪያው ዙር አልነበሩበትም። ቦይ የሚጠርገው እጅ ከዚያው ሥራ እንጀራ የሚያገኝ ከሆነ፣ የዛሬው ራብና የነገው ጎርፍ በአንድ አካፋ ይገፋሉ። አካፋ ማንሣት ለማይችሉት ሽማግሌ፣ ለሕመምተኛዋና ለአራስዋ ግን ድርሻቸው ያለ ሥራ ሊሰጣቸው ይገባል። ይህም ሆኖ ሒሳቡ ሁልጊዜ አይገጥምም። ለሁለቱም የማይበቃ ገንዘብ በእጅ ያለበት ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን ንጹሕ መልስ የለም፤ የሚቀረው ግዴታ ምርጫው በተዘጋ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ጉዳቱ በሚደርስባቸው ሰዎች ፊት፣ በግልጽ እንዲደረግ ነው። የሚጎዳ ሰው ቢያንስ ለምን እንደሚጎዳ ማወቅና መከራከር መብቱ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ፈተና አለ። ሠፈሩ አደገኛ ከሆነ ነዋሪውን ከዚያ ማንሣት ይቀላል የሚል ሐሳብ በየከተማው ይሰማል። አንዳንድ ሥፍራ በእርግጥ ሰው ሊኖርበት የማይገባ ነው። ነገር ግን የችግረኛ ሠፈር ሀብት ግድግዳው አይደለም። ሀብቱ ሕፃን የምትጠብቅ ጎረቤት፣ በዱቤ የሚሰጥ ሱቅ፣ ጠላ ለምትጠምቀው ሴት ደንበኛዋ፣ ለቀን ሠራተኛው ለሥራው መቅረቡ ነው። ይህ መረብ በደራሽ ጎርፍ ሌሊት ከማንም በፊት የሚደርስ አዳኝ ነው። ሰውን ከጎርፍ ለማዳን ብሎ ከመረቡ የሚነጥል ዕቅድ፣ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል። ስለዚህ መነሣት ግድ በሚሆንበት ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይለያይ፣ ወደ ሥራና ወደ ውሃ በሚቀርብ ሥፍራ፣ ተነሺው ራሱ ከመከረበት በኋላ ሊሆን ይገባል። ስለ ሠፈሩ ውሃ ከሁሉ የሚያውቀው እዚያ የሚያድረው ሰው ነው። የመጀመሪያው ጠብታ በየትኛው ማዕዘን እንደሚገባ መሐንዲሱ ለክቶ ያገኘዋል፤ እናቲቱ ግን ድስቷን ከሥሩ ስታስቀምጥበት ኖራለች።

እንግዲህ የዚህ መጽሔት አንባቢያን፣ አስተባባሪዎች፣ መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች፣ ምን ድርሻ አለን? አስተባባሪው የሪፖርቱን ልማድ ሊመረምር ይገባዋል። ስንት ኩንታል ታደለ፣ ስንት ሰው ተረዳ ተብሎ የሚጻፍበት ቅጽ፣ ስንት ቦይ በግንቦት ተጠረገ፣ በእግራቸው መሄድ ለማይችሉ ስንት ሰዎች በስም የተመደበ ጎረቤት አለ የሚል አምድ ይጨመርበት። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ሠፈሩን ሊዞር፣ ውሃው የሚወርድበትን በወረቀት ላይ ሊያሥል፣ ካርታውንም ለቀበሌው ሊሰጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያም የሚጠቅመው ሲሰማ ነው። ከገጠር ወደ ሰቆጣ ከገቡት መካከል አፉን የፈታው በኽምጣጛ የሆነ ብዙ ነው። በማያውቁት ቋንቋ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ለአያቲቱ ከነፋስ ድምፅ አይለይም፤ በአፍ መፍቻዋ የተነገራት ግን ተነሥታ የልጅ ልጆቿን ትቀሰቅሳለች።

የኪነ ጥበብ ሰው ዕዳ ከሁሉ የረቀቀ ነው። መከራን መሣል፣ እንባን መዝፈን አውቀንበታል፤ ይህም የራሱ ክብር አለው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ልባችን የሚነካው በደረሰው ብቻ ከሆነ፣ ልብ እንዲያ እንዲሆን ያስተማርነው እኛው ነን። ያልደረሰውን እንዲታይ ማድረግ የኪነት እንጂ የማንም ሙያ አይደለም። በበጋ ፀሐይ ድንጋይ እየደረደረች ወጋዋን የምትይዝ ሴት፣ ሐምሌ ሌሊት ደረቅ ሆኖ ያደረ መደብ፣ ዳመናው ሲከብድ የማይደነግጥ ሕፃን፤ እነዚህ ለቴአትር፣ ለሥዕልና ለግጥም የሚያንሱ አይደሉም። ያልሞተን ሰው መቁጠር የሚችል ሕዝብ የሚኖረን፣ ያልሞተውን የሚያሳየን ከያኒ ሲኖር ነው።

በአገራችን ዕድር ወይም ቅሬ የሚባል የከበረ ልማድ አለ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በአንድ ሰዓት ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ንፍሮውና ሬሳ አጃቢው አይጎድልም። ይህን የሚያህል ሥርዓት ያለው ሕዝብ መተባበርን አልተቸገረም። የሚያስፈልገው ያንኑ መተባበር ጥቂት ወራት ወደ ፊት ማምጣት ነው። ለቀብር ሌሊቱን የሚቆፍር ጎረቤት፣ ለቦይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢቆፍር፣ ምናልባት የመጀመሪያው ጉድጓድ ሳያስፈልግ ይቀራል። ያን ጊዜ ማንም አያመሰግነውም። ሐምሌ ይመጣል፤ ይዘንባል፤ ከዳገቱ የወረደው ውሃ በቤቷ አጠገብ አልፎ ይሄዳል። ከተከዜ ቆላ የመጣችው እናትም በማግስቱ ማለዳ ሸራዋን ከፍታ፣ እንደ ማንኛውም ቀን፣ እሳቷን ታቀጣጥላለች።